በእናቴ ስልክ የመጣ ምክር

ከአዲስ አበባ ወደ ጁባ ስመለስ እናቴ ከሳሎኗ ሐረግ አንድ ቁራጭ ቆርጣ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ከቡፌው ላይ ተነስቶ፣ የመጋረጃውን ዘንግ ተከትሎ እስከ በሩ የሚደርስ ሐረግ ነው።

«ጣትሽን ከተሽ እዪው። አፈሩ ካልደረቀ ውሃ እንዳታስነኪው» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ እጅሽ አያርፍም።»

ጁባ፣ አማራት ሰፈር ውስጥ መሥሪያ ቤቴ በሰጠኝ የኮንቴይነር ክፍል፣ በዱቄት ወተት ጣሳ ተክዬ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ብዙም ሳይቆይ ወርዶ አልጋዬ ራስጌ ደረሰ። እሑድ እሑድ ፎቶውን ለእናቴ እልካለሁ። መጻፍ ስለማትወድ በድምፅ ትመልስልኛለች። «እንደ አክስትሽ ነው፤ ቦታ ካገኘ በቃ» ብላ ስትስቅ ክፍሉ ይሞላል።

አንድ እሑድ መልሷ በጽሑፍ መጣ። «ጉሮሮዬን ይዞኛል፤ የምትጽፍልኝ እህትሽ ናት። ሐረጉ ያምራል። አገሩ ሙቀት ስለሆነ በየቀኑ አጠጪው።»

ገረመኝ። ግን ሙቀቱን አስባ ነው አልኩ። ስደውል ታናሽ እህቴ ታነሳና «ተኝታለች» ትለኛለች፤ ወዲያው ኔትወርኩ ይቋረጣል። ጁባ ውስጥ በኔትወርክ የማይሳበብ ነገር ስለሌለ አልጠረጠርኩም። በቦቴ የሚመጣልንን ውሃ በየጠዋቱ አጠጣሁ።

ክፍላችንን የምታጸዳው ሴት የረገፉትን ቢጫ ቅጠሎች ስትጠርግ ጣቷን ጣሳው ውስጥ ከተተች። «ሞዮ ከቲር» አለችኝ፤ ውሃው በዝቷል ማለቷ ነው። በተሰባበረ አረብኛዬ፣ አጠጪው ያለችኝ እናቴ ናት አልኳት። ከእናት ጋር ማን ይከራከራል? ቅጠሎቿን ይዛ ወጣች።

ለእረፍት ወደ አገር ቤት በምበርበት ቀን ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አብረውኝ የሚሠሩት ሐበሾች በሙሉ ቆመዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም ሳይናገር ገባኝ። የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አይነግርም።

«ብቻሽን እንዳትሰሚው ብለን ነው ልጄ» አሉኝ፣ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት ጋሼ። እናቴ ካረፈች አንድ ወር ሊሞላት ነው። ሴቶቹ አቅፈውኝ አለቀሱ። እኔ በትከሻቸው ላይ አሻግሬ ጣሳውን አየው ነበር። ግንዱ ከሥሩ ጠቁሯል። ምንም አልተሰማኝም። ሻንጣዬን ማን እንደዘጋው እንኳ አላስታውስም።

አዲስ አበባ እህቴ እግሬ ላይ ወደቀች። «ፎቶው ሲመጣ ምን ልበልሽ? ተክል ነው፣ ውሃ ይፈልጋል ብዬ ነው» አለችኝ። አነሳኋት። አልተቆጣሁም፤ መቆጣትም አንድ ነገር ነው፣ እኔ ጋ እሱም አልነበረም። ለቀስተኛው «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይለኛል። እንባ እንቢ አለኝ። እንዳልወደድኳት አድርገው የሚያዩኝም ነበሩ፤ ይዩ አልኩ።

ጁባ ስመለስ ጣሳው ውስጥ ያለው በስብሶ ነበር። ራስጌዬ የደረሰው ጫፍ ብቻ አረንጓዴ ስለነበር ቆርጬ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቆምኩት። እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ሰው ሲያነጋግረኝ እመልሳለሁ።

ብርጭቆው ውስጥ ነጭ ሥር ብቅ ሲል እሑድ ነበር። እጄ ለምዶበት ፎቶውን በእናቴ ቁጥር ላከው። ከላከው በኋላ ነው ልብ ያልኩት።

መልሱ በድምፅ መጣ። ስልኩን ይዤ ቆየሁ፤ ከዚያ ከፈትኩት። እህቴ ናት። «እኔ ነኝ» አለች። «የሳሎኑም ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ነው። በየቀኑ አጠጣዋለሁ። እማዬ ምን ታደርገው ነበር?»

መቅጃውን ተጫንኩ።

«ጣትሽን ከተሽ እዪው» አልኳት። «አፈሩ ካልደረቀ ውሃ እንዳታስነኪው። አንቺ ደግሞ እጅሽ አያርፍም።»

ላኩት። ከዚያ አለቀስኩ።