በልጇ ሠርግ ቪዲዮ ላይ የተደረደሩት ሳጥኖች

እህቴ ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል፤ በማንበብ ግን ማንም አይቀድማትም። ስለዚህ በልጇ የሠርግ ቪዲዮ ላይ የተናገርነው ሁሉ ከሥር እንዲጻፍላት አደረግሁ። ልታየው ከገሳይ እኔ ወዳለሁበት ደብረ ታቦር በመጣች ዕለት ግን የኮምፒውተሬ ሲስተም በአዲስ ተቀይሮ ስለነበር፣ በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ብቻ ተደረደረ። ኮምፒውተሬን ይዤ፣ እህቴን አስከትዬ ጥገና ቤት ሄድሁ።

«አባባ፣ ጽሑፉ ጠፍቷል። እንደገና ማስጻፍ ነው» አለችኝ ባለሙያዋ።

የመጀመሪያውን መስመር ሳጥኖች ቆጠርሁ። አራት፣ ሁለት፣ አራት። ንግግሬን የጀመርሁት «እንኳን ደስ አላችሁ» ብዬ ነው፤ ፊደሉም አራት፣ ሁለት፣ አራት ነው።

«ልጄ፣ ጽሑፉማ አለ። አማርኛ የጠፋው ከማሽኑ ነው።»

«ሳጥን ቆጥረው ነው ያወቁት?» ብላ ሳቀችብኝ። ቢሆንም የአማርኛ ፊደል ጫነችበት፤ መስመሩ ሁሉ ወለል ብሎ ወጣ።

ቪዲዮው «ሙሽራው ከእንግዲህ ካልሲውን ራሱ ይፈልግ» ብዬ የቀለድሁበት ቦታ ደረሰ። ዘወትር እኛ ስንስቅ አይታ የምትስቀው እህቴ፣ ጽሑፉ ከድምፄ ቀድሞ ስለወጣ፣ ከሁላችንም በፊት ሳቀች።