ዳስ የለበሱት የወንድሜ ዋንዛዎች

ሥራ የገባሁት የታላቅ ወንድሜ የአያ ካሴ አርባ በወጣ ማግስት ነው። የጎንደር ማዘጋጃ ቤት የአትክልት ሹም፣ ግራዝማች፣ የእሱን አካፋ ሰጡኝና «ሞያ በዘር ነው» አሉኝ። እኔ የማውቀው አልጀብራ ነበር።

አያ ካሴ ወደ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር ዐሥራ ሁለት ዋንዛ ለጥላ ተክሏል። ችግኙን ከቆላ ድባ አመጣ። ወባውንም ከዚያው አመጣ። ችግኞቹ ጸደቁ። እሱን ቀበርነው። ከእነሱ በቀር የተወልን ነገር የለም።

በበጋው ቅጠላቸው ረገፈ። ግራዝማች ከማኪናቸው ሳይወርዱ ጮኹ።

«ምነው፣ ይህ ሁሉ ደርቆ የለም እንዴ? በሳምንቱ ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ። ንቀለው!»

«አልደረቀም፣ ጌታዬ። ዋንዛ... በበጋ ይረግፋል።» አንዱን በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ከልጡ ሥር አረንጓዴ ነው።

«ሸጋ! እንግዳውም ከማኪና እየወረዱ ይፋቁልህ?»

የመለሰልኝ ቆፋሪው አያ ገብሬ ነው። «ጌታዬ፣ የሰርግ ዳስ ቅጠል እናለብስ የለም? ይህንም እናልብሰው።»

ግራዝማች አሰቡ። ሲያስቡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «ይሁን። አንድ ቅጠል ከወደቀ ግን ሁሉም ይነቀላል።»

የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ስናስር ሰነበትን። ገመድ ሲያልቅብኝ ሁለቱን ዋንዛዎች ግንዳቸው ላይ በሽቦ ጠፈርኋቸው። መንገደኛው «ሙሽራዋ ማን ናት?» ይለናል። እንግዳው የማኪናቸውን መስኮት ዘግተው አለፉ። ግራዝማች ግን ስለ ዛፎቹ ተመሰገኑ፤ «እንግዳው እስኪመለሱ እንዳትፈታ» አሉኝ።

እንግዳው በሌላ መንገድ ተመለሱ። ባሕር ዛፉ ደርቆ ይንኮሻኮሽ ጀመር። ከሁለት ወር በኋላ ግራዝማች መጡ።

«አሁንስ ደረቀ! መጥረቢያ አምጣ!»

ደረቁን ቅርንጫፍ ገንጥዬ ጣልሁት። ከሥሩ የዋንዛው ለጋ ቅጠል ወጥቷል።

«አላልሁህም?» አሉ ግራዝማች። «ያለበስሁት ልብስ በጀው።»

አያ ገብሬ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። እኔ አለቀስሁ። ግራዝማች ለእሳቸው ምስጋና መሰላቸው።

በዚያ ደስታ ገመዱን ሁሉ ስፈታ ሽቦውን ረሳሁት። ክረምት ሲገባ ሁለቱ ዋንዛዎች ሽቦው በበላቸው ቦታ በነፋስ ተሰበሩ። ግራዝማች አንድም አላስነቀሉም። ሁለቱን የገደልሁ እኔ ነኝ።

ለጋ ዛፍ በሽቦ አይታሰርም። የታሰረም ቢሆን ቅጠል ሳያወጣ ይፈታል።