ዘውዴን እማዬ ያልናት ቀን

ባለፈው ጥር ቴፒ ገበያ ውስጥ አንድ ሕፃን "እማዬ!" ብሎ ተጣራ። ያዘለችው ወጣት ሴት ዞር አላለችም። ዞር ያለችው ከጎኗ ጥምዝ የሚባለውን ቅመም በመደብ በመደብ ደርድራ የተቀመጠች አሮጊት ናት። "ምን ሆንክ አንተ?" አለችው፤ ልጁም ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ሁለት እጁን ወደ አያቱ ዘረጋ። ከእናቴ ጋር ነበርኩና ሁለታችንም ቀጥ አልን። እናቴ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። እኔ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ተኝቶ የነበረ ፍርሃት ነቃብኝ። ሕፃን አያቱን እማዬ ስላላት የሚፈራ ሰው አለ ወይ ብትሉኝ፣ አለ፤ እኔ ነኝ።

እኛም ቤት እንዲሁ ነበር። እማዬ የምንላት አያታችንን ነው። ወላጅ እናታችንን በስሟ፣ ዘውዴ እንላታለን። ንቀት እንዳይመስላችሁ። ልጅ የሚይዘው ከቤቱ ሲጠራ የሰማውን ነው፤ እናቴ አያቴን እማዬ ትላለች፣ አያቴ እናቴን ዘውዴ ትላለች፣ እኔና ትንሿ እህቴ ሰብለም ከሁለቱ አፍ የለቀምነውን ይዘን አደግን። አያቴ ከጓሮ "ዘውዴ!" ብላ ስትጣራ እናቴ የትም ብትሆን "አቤት እማዬ" ትላለች። እኛ "ዘውዴ" ስንላት ግን "ወይ" ነው መልሷ። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ቤት ስለማይጠፋ ነገሩን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

አያቴ ከወሎ በሰፈራ የመጣች፣ ጥምዝና ኮረሪማ ነግዳ የምታድር ሴት ነበረች። ጥምዝ ያ ረዘም ብሎ የሚያቃጥለው ጥቁር ቅመም ነው፤ ነጠላዋም፣ ፀጉሯም፣ የምታቅፈን ክንዷም ጥምዝ ጥምዝ ይላል። እናቴ ቡና ልማቱ ውስጥ በቀን ሥራ ትውል ስለነበር ያሳደገችን አያቴ ናት ማለት ይቻላል። አባቴ ሰብለ ሆድ ውስጥ ሳለች በሱዳን በኩል ወጥቶ፣ ብዙ ተንከራቶ አውሮፓ ገብቷል። ለኔ አባት ማለት ከጋሽ ተካ ሱቅ ስልክ ውስጥ የሚያስል ድምፅ ነበር።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ያ ድምፅ ቤተሰቡን እንዲያመጣ እንደተፈቀደለት ተናገረ። ቤተሰብ ማለት ሚስትና ልጆች ነው አለ። እናቴ ከሱቁ ስትመለስ አያቴ ደጃፍ ላይ ጥምዝ ትለቅም ነበር። ነገሯን ሰምታ ስትጨርስ እንኳን ደስ ያላችሁ አለች።

"አንቺስ እማዬ?" አለቻት እናቴ።

"እኔን ማን ጠራኝ? ደግሞም አንዴ ከአገሬ ተነቅያለሁ፤ ይበቃኛል። ይልቅ ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ።"

ይህን ብላ ለቀማዋን ቀጠለች። አያቴ ክፉ ወሬ ስትሰማ እጇ ይፈጥናል፤ ያን ቀን በጣም ፈጥኖ ነበር።

ቀጥሎ በተደወለው ስልክ ነው ፍርሃቱ ቤታችን የገባው። የጋሽ ተካ ስልክ ለተናጋሪው ብቻ ሳይሆን ለመንገደኛም የሚያሰማ ዓይነት ስለነበር የአባቴን ቃል በጆሮዬ ሰማሁ። "እዚህ አንድ የማውቀው ሰው ልጁ ቃለ መጠይቅ ላይ እናቱን እትዬ ብሎ ጠራትና፣ ይሄማ የእህቷ ልጅ ነው ተብሎ ሁሉም ቀሩ። ልጆቹ ስምሽን እንዳይጠሩ። እማዬ ይበሉሽ፣ ሰማሽ?" እናቴ እሺ አለችና ስልኩን እንደሚሰበር ዕቃ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

እማዬ የማለት ልምምዱ የሚደረገው ከቤታችን ጀርባ፣ ቡናው መሀል ነው፤ አያቴ እንዳትሰማ። የለቀማ ወቅት ነበር፣ ፍሬው ቀልቷል፣ ዝናቡ ግን አልወጣልንም፤ ከቅጠሉ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ አንገታችን ውስጥ ይገባል። እናቴ እየለቀመች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "በሉ ጥሩኝ" ትላለች። ሰብለ ትስቃለች። "እማዬ እኮ ገበያ ናት!" እኔ አልስቅም። "እማ" እላለሁና አፌ ይያዛል። ቃሉን የማላውቀው ሆኖ አይደለም፤ በቀን መቶ ጊዜ የምለው ቃል ነው። ባለቤት ያለውን ዕቃ አንስተሽ ለሌላ ሰው ስጪ የተባልኩ ያህል ግን ይጨንቀኝ ነበር። እናቴም ይገባት ነበር መሰለኝ፣ ሲያቅተኝ አትቆጣም፤ ፊቷ ግን ይቀላል። በገዛ ልጆቿ እናት መባልን መለመን ለሴት ልጅ ምን ያህል ውርደት እንደሆነ የገባኝ ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ አፌን ማመን አቃተኝ። ቤት ውስጥ ዘውዴ፣ ቡናው ውስጥ እማዬ። ያላየሁት ፈረንጅ በየቁጥቋጦው ሥር ተደብቆ የሚያዳምጠኝ ይመስለኛል። አንድ ቀን አያቴን ስጠራ ቀና ብላ አየችኝ።

"ምን ሆነሻል ትግዬ? ስትጠሪኝ ግራ ቀኝ ታያለሽ።"

"ምንም አልሆንኩም" አልኳት።

ለኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ወደ አዲስ አበባ የተነሳን ቀን አያቴ ጎደሬ ቀቅላ በኮባ ቅጠል ጠቀለለችልን፤ ዳጣውን ለብቻ። አውቶቡሱ ከቴፒ ሚዛን እስኪደርስ በጭቃው ሲንሸራተት ሰዉ ሁሉ የሚፈራው ገደሉን ነበር። እኔ ገደሉን አላየሁትም። የምፈራው ሰብለን ነው። ቦንጋን አልፈን ጫካው መሀል ስንደርስ አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት ደግ ሴት ለሰብለ ሙዝ ሰጧትና፣ "እናትሽ ናት እንዴ የኔ ልጅ?" ብለው ወደ እናቴ አመለከቱ። ሰብለ ሙዟን ጎርሳ፣ "አይደለችም፣ ዘውዴ ናት" አለቻቸው። ሴትዮዋ እናቴን ቀና ብለው አዩዋት፤ አስተያየታቸው ተለወጠ። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ጅማ ደረስን። ጅማ አድረን በማግስቱ አዲስ አበባ ስንገባ ጎደሬው እንዳለ ነበር፤ ከሰብለ በቀር የበላ ሰው የለም።

የኤምባሲው ክፍል ትንሽ ናት፣ ምንጣፍ አላት፣ ትቀዘቅዛለች። ከጠረጴዛው ወዲያ ቀጭን ፈረንጅ፣ ከጎኑ ሽቶ የተቀባች አስተርጓሚ። ፈረንጁ ክፉ ፊት አልነበረውም፤ ይህ ደግሞ የበለጠ አስፈራኝ። እናቴን ስለ አባቴ ጠየቋት፤ መለሰች። እጆቿን ጭኗ መሀል አጣብቃ ይዛቸዋለች። ቀጥሎ አስተርጓሚዋ ሰብለን እንዳትፈራ ብላ ይሆናል፣ ጎንበስ አለችላት።

"የኔ ቆንጆ፣ እማዬ የት ናት?"

"ቴፒ ናት" አለች ሰብለ፣ ቁልጭ አድርጋ። "ጥምዝ ትሸጣለች።"

አስተርጓሚዋ ቀና አለች፤ ፈገግታዋ ጠፍቷል። ለፈረንጁ በቋንቋው ነገረችው። እሱም እናቴን አየ፣ ሰብለን አየ፣ ብዕሩን አንስቶ ብዙ ጻፈ። ያ የብዕር ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሁላችንም በአንዲት ቃል እንደቀረን፣ አባቴም ከዚያ ስልክ ውስጥ መቼም እንደማይወጣ ታየኝ።

"ይህች ሴት ማን ናት?" ተባልኩ።

"እናቴ።"

"ቴፒ ያለችውስ?"

"አያቴ። ማለቴ፣ አያታችን ናት፤ ግን እማዬ ነው የምንላት።"

"እናትሽንስ ምን ብለሽ ነው የምትጠሪያት?"

እውነቱን ብናገር እንጠፋለን፣ ብዋሽም ፊቴ ያጋልጠኛል። ፈረንጁ አንድ ነገር ተናገረ፤ አስተርጓሚዋ ወደ እኔ ዞረች። "እስቲ ጥሪያት ይልሻል።"

እናቴ መሬት መሬት ታያለች። አትረዳኝም፤ ልትረዳኝም አትችልም። "እማዬ" አልኳት። ድምፄ የኔ አይመስልም። እናቴ "ወይ" ማለት አቃታት፤ አፏን ከፈተችና ለቅሶው ቀደማት። በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ አለቀሰች። ሰብለ እናቷ ስታለቅስ ስታይ ደንግጣ ጉያዋ ውስጥ ገባችና እሷም "እማዬ፣ እማዬ" ማለት ጀመረች፤ የቴፒዋን ይሁን የዚህችን ማን ያውቃል። ፈረንጁ ብዕሩን አስቀመጠ። ውጤቱን ትሰማላችሁ ተባልንና ወጣን።

ቴፒ ስንመለስ አያቴ ደጅ ላይ ተቀበለችን። "ምን ጠየቋችሁ?" ስትል ሰብለ እንዲህ ያለ ወሬ የሚያልፋት ልጅ አይደለችም። "ትግስት ዘውዴን እማዬ አለቻት! ዘውዴም አለቀሰች!" እኔ በቆምኩበት ቀረሁ። እናቴ፣ "እማዬ፣ ነገሩ እኮ..." ብላ ጀመረች። አያቴ አላስጨረሰቻትም። "መንገዱ አድክሟችኋል፣ ግቡና ብሉ" አለች።

በማግስቱ ጠዋት ውሃ ልቅዳ ስወጣ "እማዬ፣ ጀሪካኑ የታለ?" አልኳት። መልስ የለም። አልሰማችም ብዬ ደገምኩላት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ጥምዟን ትለቅማለች፤ እጇ ይፈጥናል። ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ፈረንጁ ፊትም አልፈራሁም። ተቀይማኛለች፣ ከእንግዲህ አታናግረኝም ብዬ ነው። ዞሬ ፊት ለፊቷ ቆምኩና ለሦስተኛ ጊዜ ጠራኋት።

"እናትሽ እዚያ ናት" አለችኝ፣ በአገጯ ወደ ማድቤት እያሳየች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። "እኔን አያቴ በይኝ። እዚያ አገር ደግመው ይጠይቃሉ አሉ፤ አፍሽ ይልመድ።"

እውነቷን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ብለን ስንጠራት አትሰማም። ሰብለ ወድቃ ጉልበቷ ደምቶ እንኳ እማዬ እያለች ስትጮህ አያቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለችና መልሳ ተቀመጠች፤ "ዘውዴ፣ ልጅሽ ትጠራሻለች" አለች። ሰብለ ቶሎ ለመደች፤ ልጅ ናት። እኔ አያቴ ማለት አቃተኝ። ልናገራት ስፈልግ አጠገቧ ድረስ ሄጄ ነጠላዋን ጎተት አደርጋለሁ እንጂ ምንም ብዬ አልጠራትም።

ፈቃዱ መጣና ሄድን። ከዚያ በየሳምንቱ ስልክ እንደውላለን፤ እናቴ እንደልቧ እማዬ ትላታለች፣ ሰብለ አያቴ ትላታለች፣ እኔ "ሄሎ፣ ደህና ነሽ?" እላታለሁ። "ትግዬ ነሽ?" ትለኛለች፤ ሳልጠራት በድምፄ ታውቀኛለች። ሞቷን የተረዳነው እዚያው ነው። እናቴ "እማዬ" እያለች ስታለቅስ እኔ ምን ብዬ እንደማለቅስ አጣሁ። ቃሉን ለእናቴ ሰጥቼዋለሁ። አፌን በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ለቅሶ የመጡ ሰዎች የልጅ ልጇ ጠንካራ ናት ብለው አደነቁኝ።

አሁን ቴፒ ስመጣ ሰዎች ቤተሰብ ይዞ መሄድ ምን ያስወጣል ብለው ይጠይቁኛል፤ በዚህ በኩል ያለ ወጣት ሁሉ ልቡ መንገድ ላይ ነው። ስለ ቲኬቱና ስለ ብርዱ እነግራቸዋለሁ። ስለ አያቴ ዝምታ ግን እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው አላውቅም።

ያን የገበያ ቀን ከአሮጊቷ ጥምዝ ገዝተን ፊት ለፊቷ ያለ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አረፍ አልን። እናቴ የጥምዙን ጥቅልል አፍንጫዋ ላይ ይዛ ብዙ ቆየች።

"እኔን ዘውዴ የሚለኝ ሰው ቀርቶ ይሆን?" አለችኝ። "እዚያ ሙሉ ስሜን፣ ዘውድነሽን፣ ሰባብረው ነው የሚጠሩት። አባትሽ እንኳ እናንተን ሰምቶ እማዬ ይለኛል። ስሙን ይዛው የሄደችው አያትሽ ናት።" ጥቅልሉን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ "እስቲ ጥሪኝ" አለች።

እስቲ ጥሪኝ ስትል ያ የኤምባሲ ክፍል ታወሰኝ። ዕድሜዬ ስንት ሆኖ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ግራ ቀኝ አየሁ። ዝግ ባለ ድምፅ ጠራኋት፤ ባጃጅ አልፎ ዋጠው። ጉሮሮዬን ጠረግኩና አያቴ ከጓሮ ትጣራ እንደነበረው፣ ጮክ አድርጌ፣ "ዘውዴ!" አልኩ።

እናቴ ለእኔ እንደምትመልሰው "ወይ" አላለችም። ወደ ጥምዝ ሻጯ ቀና ብላ፣ "አቤት" አለች።