የነርሷ ሟርት

ልጄን ያረገዝኩት ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ያኔ አርባ ምንጭ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ስምንተኛው ወር ላይ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ሲለኝ የባለቤቴን ነጠላ ጫማ አድርጌ ቢሮ እመላለስ ጀመር። ፊቴም ተነፋ። የሚገርመው ሰዉ ሁሉ ደስ አለው። የሲቀላ ሰፈር ሙዝ ነጋዴዎች ሳይቀሩ «አማረብሽ፣ ተስማምቶሻል» ይሉኛል። አማቴ ከካምባ መጥታ አየችኝና «እግር እንዲህ የሚያብጠው ልጁ ትልቅ ሲሆን ነው» አለች። አመንኳት፤ ማመኑ ደስ ይል ነበርና። ራስ ምታቱን ለማንም አልተናገርኩም።

ሆስፒታል የሄድኩት ራስ ምታቱ ዓይኔን ሲጋርደኝ ነው። ደም ግፊቴ እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከእርግዝና ጋር የሚመጣ ግፊት ነው፣ መፍትሔው መውለድ ነው አሉኝና ቀኗ ሳይደርስ አዋለዱኝ። ትልቅ የተባለችው ልጅ ሁለት መዳፍ የማትሞላ ሆና ወጣች።

ልንወጣ ስንል አንዲት ነርስ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እህቴ፣ የልጅ ልብና ደም ሥር የሚሠራው ሆድ ውስጥ ነው። እናትየው ግፊት ኖሯት፣ እንዲህ ትንሽ ሆነው የተወለዱ ልጆች ሲያድጉ ደም ግፊትና የልብ ሕመም ከሌላው ልጅ ይበልጥ ያሰጋቸዋል። ሁሉንም ይይዛቸዋል ማለት አይደለም። ግን ማስለካቱን እንዳትረሺ» አለችኝ። ይህንኑ በክትባት ካርዷ ጀርባ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፈችልኝ።

አልተቀየምኳትም ብል ውሸት ነው። አራስ አጠገብ ተቀምጦ የልብ ሕመም ይወራል? ሟርተኛ አልኳት፣ በሆዴ። ክፉ ነገር በአፍ ከጠሩት ይመጣል ሲባል ነው ያደግኩት። ቤት ስገባ ግን ጽሑፉ ከካርዱ ጀርባ ሆኖ ያፈጥብኝ ጀመር። ልጅቷን ለክትባት ባወጣኋት ቁጥር አዲስ ሰው ያነበዋል፤ አንብቦም ቀና ብሎ ያየኛል። በሦስተኛ ወሯ ከቢሮ ሙጫና ካኪ ወረቀት አመጣሁና፣ ደብተር እንደሚለበድ፣ ጀርባውን ለበድኩት። መዝገብ ቤት ውስጥ ሰነድ የነካካ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከማንም በላይ የማውቅ ሴት የልጄን ሰነድ ሸፈንኩ። ለባለቤቴም አልነገርኩትም።

ትንሽነቷ ያሳፍረኝ ስለነበር ያለ ልክ አጎርሳት ነበር። ሁለት ዓመት ሲሆናት ጉንጯ ሞልቶ ሳይ ነርሷን የረታኋት መሰለኝ። ከፍ ስትል፣ የተቀቀለ የቦዬ ሥር በሚያቃጥል ዳጣ እያጠቀሰች ስትበላ፣ ዳጣውን ጨው ጨምሪበት ትለኛለች፤ እጨምርላታለሁ። አልፎ አልፎ ራሷን ያማታል። ፀሐይ ነው እላታለሁ። የአርባ ምንጭ ፀሐይ ስንት ነገር ተሸክማልኛለች።

አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ሲቀላ መናኸሪያው አጠገብ የሕክምና ተማሪዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ደም ግፊት በነፃ ይለካሉ። ወንበሩን የሰጡት ለእኔ ነው፤ እሷ ቀድማኝ ተቀመጠችና እየሳቀች ክንዷን ዘረጋች። ተማሪው ለካት። ሌላኛውን ክንዷን ለካ። ከዚያ ጓደኛውን ጠራ፤ ጓደኛውም ለካት። የባጃጁ ጩኸት ሁሉ ጠፍቶኝ ከመለኪያው የሚወጣው ንፋስ ብቻ ይሰማኝ ነበር።

«እናቴ፣ ስትወለድ ችግር ነበር?» አለኝ የመጀመሪያው ተማሪ።

«ምንም። በሰላም ነው የተገላገልኩት» አልኩት። ልጄ እያየችኝ።

ሆስፒታልም በተለያየ ቀን ደጋግመው ለኳት። ሐኪሟ ያንኑ ጠየቀችኝ፤ ያንኑ ዋሸሁ። የልቧን ምስል ካየች በኋላ ግን የልቧ ጡንቻ በግራ በኩል ወፈር ማለት ጀምሯል፣ ግፊቱ ትናንት የመጣ አይመስልም አለች። «የሕፃንነት ካርዷ ካለ ይዘው ይምጡ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የልጁን የደበቀስ? በማግስቱ ጠዋት ካርዱን በእርጥብ ጨርቅ እያሻሸሁ ካኪውን ላጥኩት። ሙጫው የመንግሥት ሙጫ ነው፤ የካርዱን ገጽ አብሮ ይዞት ተነሳ። ከሰማያዊው ጽሑፍ የሚነበብ አልቀረም። ሐኪሟ የተላጠውን ካርድ አገላብጣ ቀና ብላ አየችኝ። ስለዚህ በአፌ መናገር ግድ ሆነብኝ፦ እብጠቱን፣ ራስ ምታቱን፣ ነርሷን፣ ሙጫውን። ልጄ የምርመራው አልጋ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ትሰማ ነበር።

ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም አለች፤ ቀደም ብሎ ቢለካ ግን ቀደም ብሎ ይታወቅ ነበር። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ባጃጅ ውስጥ ልጄ ወደ ውጭ እያየች፣ «እማዬ፣ ሌላ የለጠፍሽበት ነገር አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት። እውነቴን ነበር።

አሁን መድኃኒቷን ትወስዳለች። ዳጣችን ጨው የለውም። መለኪያ ገዝተን ጠዋት ጠዋት እኔ እለካታለሁ። አንዳንድ ቀን ቁጥሩ ይወርዳል፤ አንዳንድ ቀን ሽቅብ ይወጣል፣ ያን ቀን ዝቅ አድርጌ ብነግራት ደስ ይለኝ ነበር። አልዋሽም፤ ያየሁትን እነግራታለሁ። እሷ ግን ክንዷ እንደታሰረ አንገቷን አስግጋ ቁጥሩን ራሷ ታነባለች።