የወሰድነው አንድ ሜትር

አሁንም ድረስ ሸበጥ ያደረገ ልጅ በጠባብ ኮሪደር ሲሮጥ ስሰማ ፈርዶሳ የመጣች ይመስለኛል። ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ከቤታችን ጀርባ፣ ከሁለት ሜትር የማይሰፋ ቀጭን መተላለፊያ ነበር፤ የኛ የጓሮ በር ወደዚያ ይከፈት ነበር፣ የጓደኛዬ የፈርዶሳ ቤት በርም እንዲሁ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ በሠላሳ እርምጃ እጨርሰው ነበር። ወንድምም እህትም ስላልነበረኝ፣ እናቴም ሱቅ ስለምትውል፣ የዚያች ልጅ ኮቴ እስኪሰማ ድረስ ቀኑ አይነጋልኝም ነበር።

ግንቦትና ሰኔ ፀሐዩ አስፋልቱን ሲያቀልጠው፣ መተላለፊያው ውስጥ ግን ግድግዳዎቹ አንዱ ለሌላው ጥላ እየሆኑ፣ ነፋሱም እየሾለከ እየገባ፣ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ቀዝቀዝ ይል ነበር። እናቶች ውሃ ረጭተው ምንጣፍ አንጥፈው ይቀመጣሉ፣ አላፊ አግዳሚውም ሰላም ሳይል አያልፍም፣ እኔና ፈርዶሳ ደግሞ ጥጋችንን ይዘን ቅልብልቦሽ እንጫወት ነበር። በሶማሊኛ ስለምትቆጥር ታጭበረብረኝ እንደነበረ ዛሬም አላውቅም።

ክረምት ገብቶ የደቻቱ ወንዝ እያጓራ መውረድ ሲጀምር ከመተላለፊያው ማዶ ያለው ጎረቤታችን አጥር በዝናብ ፈረሰና፣ ሰውዬው መልሶ ሲገነባው አንድ ሜትር ወደ መተላለፊያው ገፋው። አባቴ ከዚራ በሚባለው ሰፈር አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፣ እሁድ እሁድም እጄን ይዞ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር እያዘዋወረ «ከተማ ማለት እኮ ይሄ ነው፣ ሰው የሚንሸራሸርበት» ይለኝ ነበር። እሱው ራሱ ታዲያ የጎረቤቱን አጥር አይቶ «ሰው ሲወስድ እኛ ብቻ እንጃጃል?» አለና የቀረውን አንድ ሜትር ወሰደው። እዚያ ላይ ለኔ ክፍል እንደሚሠራልኝ ስለነገረኝ፣ የጓሮ በራችን የነበረበትን ቦታ ለመድፈን ድንጋይ ያቀበልኩት እኔው ነኝ።

«አቦ፣ እኔስ በየት ልመጣ ነው ታዲያ?» አለችኝ ፈርዶሳ፣ ግንበኛው ሲሚንቶ ሲያቦካ ቆማ እያየች።

«በዋናው በር ነዋ! የራሴ ክፍል ሊኖረኝ እኮ ነው» አልኳት፣ ጉራዬ ልክ አልነበረውም።

በዋናው በር ለመምጣት ሰፈሩን በሙሉ ዞሮ፣ ጥላ በሌለው አስፋልት ሄዶ፣ በባጃጆች መሐል መሻገር ያስፈልግ ነበር። እናቴ እኔን ብቻዬን እንድሻገር አትፈቅድም ነበር። ፈርዶሳ መጀመሪያ በየቀኑ ፊቷ በላብ ተጠምቆ ትመጣ ነበር፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ሆነ፣ ከዚያም ቀረ።

ኅዳር ላይ፣ አየሩ ረገብ ሲል፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እኔም እናቴም አባቴም በአዲሱ ክፍል ተኝተን ስንነሳ፣ ደጃፋችን ያለው ባለሱቅ ጠራኝ።

«ያቺ ጓደኛሽ ወላሂ ስንት ሰዓት አንኳኳች! ልትሰናበትሽ ነበር። አባቷ ዋሂል ከተማ ሱቅ ከፍቷል፣ ጠቅልለው መሄዳቸው ነው፣ መኪናው ጥሩንባ ሲነፋባት ሄደች» አለኝ።

ክፍሉ ጓሮ ስለሆነ የዋናው በር ኳኳታ አይደርስም ነበር። እናቴ እየጮኸችብኝ አስፋልቱን ተሻግሬ፣ ዞሬ ስደርስ የእነፈርዶሳ በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ማታ በዚያ ብዙ በጓጓሁለት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተኝቼ አለቀስኩ፣ አባቴንም ራሴንም ጠላሁ።

ዛሬ እዚያው ድሬ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እኖራለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ አልጋውን ወደዚያ ክፍል አዛውሯል። ባለፈው ልጠይቀው ስሄድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጦ ነበር፣ «የዚህ ሰፈር ሰው ምን ነካው፣ ልጄ? ስታመም እንኳ ብቅ የሚል የለም» አለኝ። እኛው ነን መንገዱን የዘጋነው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ግን አሳዘነኝና ሻይ ላፈላለት ተነሳሁ። ያኔ አባቴ ጉንፋን ሲይዘው እንኳ የመንደሩ ሰው ሳይጠራ በጓሮ በር ይገባ ነበር። አሁን አባቴ ሰው ሲናፍቀው ስልክ ይደውላል፣ የሚደውለውም ለኔ ብቻ ነው፣ እኔም ሁልጊዜ አላነሳም።