አባቴ ያስጠናኝ ስም

ሣሩን ያን ሰሞን አጭደውት ኖሮ፣ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ካለው አሮጌ መቃብር ስንደርስ ሽታው ደሴ ያለውን ግቢያችንን መሰለኝና እግሬ ተያዘ። የወሰደን ማርከስ ነው፣ የልጄ የሀያት ባል፣ ጥቁር አሜሪካዊ። ሁለት ዓመት ወረቀት ሲያገላብጥ ከርሞ የቅድመ አያቱን አባት እዚያ ተቀብረው አገኛቸው። በባርነት ዘመን በጌታቸው ስም ተጽፈው ኖረው፣ ነጻ የወጡ ጊዜ ጸሐፊው ፊት ቀርበው የጌታዬን ስም አውጡልኝ፣ የአባቴን፣ ሳምሶንን አስገቡልኝ አሉ አለ። ፊደል አልቆጠሩም፤ የፈረሙት ሁለት ጭረት አቆላልፈው ነው። ሀያት ሆዷ ገፍቷል፤ የሚወለደውም ሳምሶን ይባላል። ማርከስ ድንጋዩን እንደ ሰው ትከሻ መታ መታ እያደረገ ይህንን ለተቀበሩት ሰውዬ ሲነግራቸው ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኔን ጠረግኩ።

የእኔ አባት ይመር ልብስ ሰፊ ነበር። ትምህርት ያቆምኩት ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ሁሉ የቀረልኝ፣ ስም ሲጠራ «ዘይነባ ይመር» ሲባል አቤት ለማለት መቸኮሌ ብቻ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ አሜሪካ ያለው የአክስቴ ባል ሰኢድ ልጄ ናት ብሎ ፎርም ሞላልኝ። ከዚያ ወዲያ አባባ ደንበኛ ጠፋ ባለ ቁጥር የሱቁን በር ገርበብ ያደርግና የሰው ኮት፣ ያውም አንድ እጅጌው ገና ያልተገጠመለት፣ ደርቦ የኤምባሲው ሰውዬ ይሆናል፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ መርፌው ከንፈሩ ላይ እንዳለ ድምፁን አጎርንኖ የሰኢድን ሥራ፣ የሰኢድን አባት፣ የሰኢድን ቤት በር ቀለም እንደ ቁርአን ያስቀራኛል። አንድ ቀን ግን፣

«አባትሽ ማነው?» ሲለኝ፣

«አንተ ነህ እንጂ» አልኩት።

ይስቃል ብዬ ነበር። መርፌውን ከአፉ አወጣ፤ ኮቱን አውልቆ ሰቀለ፤ እንዲህ ካልሽማ እዚሁ ቀረሽ አለኝና ፊቱን ወደ ስፌት መኪናው አዞረ። ጀርባውን እንደሰጠኝ ደግሞ ጠየቀኝ። ሰኢድ አልኩ።

አባባ ደሴ ሲሞት እኔ እዚህ አሜሪካ ሆቴል አልጋ አነጥፍ ነበር። አለቃዬን ምን ብዬ ፈቃድ ልጠይቅ? በወረቀቱ አባቴ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ያያል። አጎቴ ሞተ አልኩ፤ አንድ ቀን ሰጡኝ።

ከመቃብሩ ስንመለስ መኪና ውስጥ ሀያት የቤተሰቡን የዘር ሐረግ የምትመዘግብበትን ስልኳን አወጣች።

«ማሚ፣ አሁን የኛን ሳይድ እንሙላ። ከግራንድፓ ሰኢድ በላይ ማነው?»

ዜግነት ካገኘሁ ስንት ዘመኔ። ሰሞኑን ግን ሆቴል የምንሠራ ሴቶች በምሳ ሰዓት ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምናወራው፣ የድሮ ፋይል እየተከፈተ በሐሰት ወረቀት የገባ ሁሉ ዜግነቱን ሊነጠቅ ነው የሚለውን ወሬ ነው፤ ስልክ ውስጥ የገባን ነገር ደግሞ ማን እንደሚያየው በምን አውቃለሁ። እንዳትጽፊው ብዬ ለልጄ ብቻ ልነግራት አሰብኩ። እሷም ለማርከስ ትነግራለች፣ ማርከስ ደግሞ ደስ ሲለው ለመንገደኛም መናገሩ አይቀር። አፌ ላይ የደረሰውን ስም ዋጥኩት።

የሰኢድን አባት ነገርኳት፤ ያያቱን፣ የቅድመ አያቱን፤ አንዱም አልጠፋኝ። ማርከስ መሪውን እንደያዘ በኛ ቤት አንድ ስም ሁለት ዓመት ፈጀ፣ እናንተ ግን በቃላችሁ ትይዙታላችሁ ብሎ ቀናብን። ሀያት እየሳቀች ጻፈች።

እኚያ ሰውዬ የአባታቸውን ስም ስንት ትውልድ አሻገሩት። የእኔ የልጅ ልጅ ነገ እንደ አባቱ ወረቀት ይዞ ቢነሳ የሚያንኳኳው የባዳ በር ነው። ደሴ የሚያውቁን አልቀዋል። ይመር ልብስ ሰፊው ልጅ እንደነበረችው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ስጠየቅ የሰኢድን ዘር ቆጠርኩ።