ቀላል ነው

እትዬ ሊትርን በስሟ የሚጠራት ባሏ ብቻ ነው፤ እሱም ሲቆጣ። በቁንዶ በርበሬ መጋዘኑ ያለ ሰው ግን፣ ከዘበኛው እስከ ጸሐፊዋ፣ ሁሉም እትዬ ሊትር ነው የሚላት። ምን ያድርጉ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያችን አንድ ሊትር የምትይዝ የቆርቆሮ ጣሳ ታቅፋ ኖራለች።

ሥራው ላየው ሰው የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ጣሳውን በፍሬ ሞልቶ፣ አፉን በማስመሪያ ጠርጎ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው። አምስት መቶ ሃምሳ ግራም ከመጣ ፍሬው የበሰለ፣ ውስጡም የሞላ ነው፤ ያልፋል። ካነሰ ግን «ቀላል» ይባልና ባዶ ባዶው እንዲወጣለት እንደገና በማራገቢያ ይነፋል። ሕጉም አንድ ነው፤ ጣሳ አይንኳኳም። ካንኳኩት ፍሬው ይጠጋጋና ተጨማሪ ይይዛል፣ ሚዛኑም ይዋሻል። አዲስ ገቢ ጣሳውን ስትነቀንቅ ያየች እንደሆነ እትዬ ሊትር እጇን ቸብ ነው የምታደርጋት።

እንግዲህ ያንኳኳችው ያቺው ሴትዮ ናት።

ስድስት ዓመት ሙሉ መጋዘኑ ሊዘጋ ምንም አልቀረው ነበር። ባሕር ማዶ ያሉት ትልልቅ አብቃዮች ዋጋው ሲወደድ ጊዜ ያገኙትን መሬት ሁሉ ቁንዶ በርበሬ ተከሉበት። የሁሉም ባንድ ላይ ደረሰና ገበያው ጠገበ፤ ዋጋውም ዘጭ አለ። ይኼኔ ተናደው የቁንዶ በርበሬውን ሐረግ ነቀሉት። ሰው ግን መብላቱን መቼ ተወ! የቋሊማ ፋብሪካው፣ የታሸገው ሾርባ፣ በፈላ ውሃ የሚደርሰው ፓስታ፣ ሁሉም ቁንዶ በርበሬ አምጡ ይላል፤ በየዓመቱም ይብስበታል። እዚያ ላይ ድርቅ ተጨመረና ገዢዎች ዞር ብለው አይተዋቸው የማያውቁትን ትንንሽ መጋዘኖች ደጅ መጥናት ጀመሩ። አንድ ሙሉ ኮንቴይነር ላኩ የሚል ትእዛዝ እነሱ ጋ የደረሰው እንዲህ ነው።

የጭነቱ ዕለት መኪናው ግቢ ውስጥ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። የመጨረሻው ናሙና ሚዛን ላይ ወጣ፤ አምስት መቶ አርባ ዘጠኝ። አንድ ግራም! አስራ አንዱ ለቃሚ ሴቶች አፍ አፏን ያያሉ፤ ይህ ጭነት ከቀረ እነሱም እሷም ቤታቸው ናቸው። ምን እንደነካት እንጃላት፣ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ ኳ ኳ አደረገችና የጎደለውን ሞልታ ጠረገችው። አምስት መቶ ሃምሳ አንድ። ጻፈችው፣ አንገቷን ደፍታም ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ አምስት ሳምንት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም። ገዢው እዚያው ራሱ ይለካል፤ ካነሰበት ይመልሳል፤ ከተመለሰ ደግሞ አለቀላቸው። ባሏ ምግቡ ጨው አነሰው ቢላት፣ «አነሰ» የምትለዋን ቃል ሰምታ ማንኪያው ከእጇ ወደቀ።

አንድ ጠዋት ማራገቢያው እየጮኸ ሳለ ጸሐፊዋ በበሩ ብቅ አለች። «እትዬ ሊትር፣ ገዢዎቹ መልሰዋል። ቀላል ነው ብለዋል!» ብላ ስልክ ሲጠራባት ሮጠች።

እትዬ ሊትር ማራገቢያውን አጠፋች። ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ሽርጧን ፈታ፣ አጣጥፋ፣ ባለመጋዘኑ ሽማግሌ ቢሮ ገባችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ጋሼ፣ ጭነቱ ቀላል የሆነው በእኔ ነው። ጣሳውን አንኳኩቼዋለሁ» አለች።

ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ። ቀላል ያሉት ፍሬውን እንዳልሆነ አስረዳት። የጭነቱ ወረቀት ላይ ቀኑ ተሳስቶ ኖሯል፤ እሱን ማስተካከል ቀላል ነው ማለታቸው ነው። ፍሬውማ አምስት መቶ ሃምሳ ሰባት መዝኖላቸው ሁለተኛ ኮንቴይነር ጠይቀዋል።

«እንዴት ይሆናል? እኔ እኮ...»

«በመስኮት አይቼሻለሁ። አንቺ እንደወጣሽ መኪናውን አስቁሜ ጆንያዎቹን እንደገና አስነፋኋቸው። ላንቺ እንዳይነግሩም ሁሉንም አስማልኩ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«አስራ ዘጠኝ ዓመት የለካችልኝ ሴት ራሷ መጥታ ትነግረኛለች ብዬ ነዋ። ትንሽ ቆየሽብኝ እንጂ» አለና ሽርጡን መለሰላት።

እትዬ ሊትር እዚያው ቆማ እያለቀሰች ሳቀች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። የዚያን ዕለት ምሳዋን ጠርጋ በላች፣ የባልደረባዋንም አጋመሰች።

ሳምንት ሳይሞላ የሁለተኛው ኮንቴይነር ናሙና ሚዛን ላይ ወጣ። አምስት መቶ አርባ ዘጠኝ! ለቃሚዎቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። እጇ ግን ወደ ጣሳው አልሄደም፤ ቁጥሩን እንዳለ ጻፈችው። ጸሐፊዋ በበሩ ብቅ ብላ እንዴት እንደሆነ ጠየቀች።

«ቀላል ነው» አለቻት እትዬ ሊትር።

ጸሐፊዋ ደስ ብሏት ለጋሼ ልትነግር ስትሮጥ፣ እትዬ ሊትር ሳቋ እያፈናት ከኋላ ጠራቻት። «ነይ እንጂ አንቺ! ፍሬው ነው ቀላል። ማራገቢያውን አስነሱት በያቸው።»